ዓይነ ውኃ የምትባለው ከተማችን

ይህች ልጽፍላችሁ የተነሣሁባት ከተማ በማንኛውም ካርታ ላይ አትገኝም። ስሟ ዓይነ ውኃ ይባላል። የምትገኘውም ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ በሆነችው ኮከብ ዙሪያ በምትዞር፣ አሸዋና ድንጋይ ብቻ በለበሰች ዓለም ላይ ነው። ከተማይቱን የቈረቈርናት እኔና በአንድ ዴስክ የምንቀመጠው ጓደኛዬ ነን። መሬቷ ባለ 100 ገጽ ደብተር ሲሆን እስከ ዛሬ 61 ገጽ ሞልተናል። ከመጽሔቱ አዘጋጆች አንዱ ደብተሩን አገላብጦ ካየ በኋላ «ይህን ነገር ለምን አትጽፉትም?» አለን። የጓደኛዬ የእጅ ጽሑፍ ከእኔ የተሻለ ቢሆንም፣ እርሱ ሥዕሉን እንጂ ጽሕፈቱን ስለማይወድ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ።

ገና ከጅምሩ አንዳንድ የክፍላችን ልጆች «ይህማ ዱን ነው፤ ከፊልሙ ቀድታችሁ ነው» ብለውናል። ፍራንክ ኸርበርት የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. ያሳተመው ያ መጽሐፍ የበረሓ ዓለም ታሪክ መሆኑ እውነት ነው። የዚያ አገር ሰዎች የላባቸውን ጠብታ እንኳ መልሶ የሚያጠጣ ልብስ ይለብሳሉ። በእኛ ከተማ ግን እንዲህ ያለ ልብስ የለም፤ ትልቅ ትልም የሚገዛ ጀግናም የለም። በእኛ ዘንድ ያለው የፈረሰ ከተማ፣ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ ሕዝብ፣ ከተማው እንዴት ይሠራ በሚለው ነገር ላይ የሚጨቃጨቁ ሁለት መሐንዲሶች ናቸው።

ፕሮክሲማ ሴንታውሪ የምትባለው ኮከብ ቅርብ ናት ስንል፣ ብርሃን በሴኮንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እየከነፈ ከእርሷ ዘንድ እኛ ጋ ለመድረስ 4 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ይፈጅበታል ማለታችን ነው። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. ከምድር የተነሣችው ቮዬጀር 1 የምትባለው መንኰራኵር በሴኮንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ ይህንኑ ፍጥነት ይዛ ወደዚያች ኮከብ ብታቀና ኖሮ ከ70 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅባት ነበር። በ2016 ደግሞ በዚህችው ኮከብ ዙሪያ አንዲት ፕላኔት መኖሯን የሥነ ፈለክ ሊቃውንት አስታወቁ። ይህችም ፕላኔት ኮከቢቱን አንድ ጊዜ ለመዞር የሚያስፈልጋት 11 ቀን ያህል ብቻ ነው። በዚያ አቈጣጠር ከሄድን እኔ የ17 ዓመት ልጅ መሆኔ ቀርቶ ዕድሜዬ ከ550 ያልፋል። ጓደኛዬ ይህን ካሰላ ወዲህ፣ በሦስት ወር የሚቀድመኝን «8 ዓመት ታላቅህ ነኝ፤ አክብረኝ» እያለ ያስቸግረኛል።

ጦርነቱ የተነሣው በምድርና በሰፋሪዎቹ መካከል ነው። ምክንያቱን ሁለት ጊዜ ስለ ለወጥነው በዚያ አላደክማችሁም። ከምክንያቱ ይልቅ ሐሳባችንን የያዘው የጊዜው ነገር ነበር፤ ይህንም ያመጡብን የፊዚክስ መምህራችን ናቸው። አንድ ቀን ደብተሩን ተቀብለው ካዩ በኋላ «መርከቦቻችሁ በምን ፍጥነት ነው የሚሄዱት?» ብለው ጠየቁን። ከብርሃን ፍጥነት አንድ አሥረኛ አልናቸው። «መልካም» አሉና ጠመኔ አነሡ። በዚያ ፍጥነት ጦሩ ከምድር ተነሥቶ ዓይነ ውኃ ለመድረስ 42 ዓመት ከ5 ወር ገደማ ይፈጅበታል። እንግዲያስ ከተማይቱን የሚወጉት ወታደሮች ብዙዎቹ በመርከብ ላይ ተወልደው በመርከብ ላይ ያደጉ ናቸው፤ ምድርን አይተዋት አያውቁም ማለት ነው።

ቀጥለውም «ጦሩ በተነሣ በ39 ዓመቱ ምድር ላይ ሌላ መንግሥት ተተክቶ ሰላም ቢያውጅስ?» አሉን። የሰላሙ ቃል በብርሃን ፍጥነት ተልኮ መርከቦቹን እየተከተለ ይሄዳል። ነገር ግን ሳይደርስባቸው እነርሱ ቀድመው ከተማይቱ ላይ ይደርሳሉ፤ ቃሉ ዓይነ ውኃ የሚገባው በ43ኛው ዓመት ካለፈ ከ3 ወር በኋላ ነው። በመካከሉ 10 ወር አለ። ከተማችን የነደደችውም በእነዚያ 10 ወራት፣ በሌላ ቦታ ጦርነቱ ካበቃ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። መምህራችን ጠመኔውን አስቀምጠው እጃቸውን አራገፉና ወደ ሌላ ትምህርት አለፉ፤ እኛ ግን ያን ቀን ሌላ ትምህርት አልሰማንም።

እንዲህ ያለ ነገር በልብ ወለድ ብቻ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝና አሜሪካ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በታኅሣሥ 24 ቀን 1814 ዓ.ም. ጌንት በምትባል ከተማ የሰላም ውል ተፈራረሙ፤ ወሬው ባሕር ተሻግሮ ገና ስላልደረሰ ግን በጥር 8 ቀን 1815 በኒው ኦርሊንስ ታላቅ ጦርነት ተደረገ። ሂሮ ኦኖዳ የተባለው የጃፓን መኰንንም በፊሊፒንስ ውስጥ በምትገኝ ሉባንግ በተባለች ደሴት፣ ጦርነቱ አልቋል ብሎ ባለማመን በጫካ ሲዋጋ ኖረ፤ እጁን የሰጠው የቀድሞ አዛዡ ራሱ መጥቶ ትእዛዝ ካነበበለት በኋላ በ1974 ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ 29 ዓመት አልፎት ነበር። በእነዚያ ዓመታት እርሱና ባልደረቦቹ የገደሏቸው የደሴቲቱ ገበሬዎች በሰላም ዘመን የሞቱ ሰዎች ናቸው። ስለ ኦኖዳ ሲወራ ጽናቱ ብቻ ሲመሰገን እሰማለሁ፤ እኔ ግን ገበሬዎቹን አስባለሁ።

ጓደኛዬ ስለ 10ሩ ወራት ሲነገር ዝም ብሎ ነበር። እርሱ በ2014 ዓ.ም. ከሰሜኑ የአገራችን ክፍል ቤተ ሰቡ ጦርነቱን ሸሽቶ ሲመጣ አብሮ የመጣ ልጅ ነው። ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ የከተማውን ስም ግን እንዳልጠራ ነግሮኛል። አያቱ «የአባቴን ደጅ ትቼ የት ልሂድ» ብለው እዚያው ቀሩ። ስልክ ተቋርጦ ስለ ነበረ ለብዙ ወራት በሕይወት መኖራቸውን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። እናቱ ማታ ማታ ቍጥሩን ትደውላለች፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የሚለውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች፤ ከዚያ ስልኩን ታስቀምጣለች። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ሰላም ሲፈረም እነርሱ እዚህ በቴሌቪዥን አዩ። አያቱ ግን የሰሙት ከገበያ ከተመለሰች ጎረቤት አፍ ነው፤ እርሳቸውም «ማን ነገራት? እርሷ ስንቱን አወራች» ብለው አላመኑም ነበር። በኋላ በስልክ ሲገናኙ ይህንኑ እየሣቁ አጫወቱት።

ዋናው ጠባችን የተነሣው በገጽ 30 ላይ ነው። ጦርነቱ አልቆ፣ ከተማይቱ ፍርስራሽ ሆና ነዋሪው ከዋሻ ወጥቷል። እኔ በመሥመሪያ አዲስ ፕላን አወጣሁ። መንገዶቹ ቀጥ ያሉና ሰፊ፣ በመካከል አደባባይ ያላቸው፣ ሰፈሩም በቍጥር የተከፋፈለ ነበር። ጓደኛዬ ፕላኑን አየና «ይህ ጥሩ ከተማ ነው። ግን ዓይነ ውኃ አይደለም» አለኝ። ለምን? ስለው፣ አሮጌው መንገድ፣ ጠመዝማዛው ሁሉ፣ ደጁ ሁሉ በነበረበት ቦታ መመለስ አለበት አለ።

እኔ ሂሮሺማን ጠቀስኩለት። በ1945 ዓ.ም. አቶሚክ ቦምብ ባጠፋት በሦስተኛው ቀን በከተማይቱ በአንዱ መሥመር ላይ ትራም መሄድ ጀምሮ ነበር፤ በ1949 ስለ ከተማይቱ መልሶ መሠራት ልዩ ሕግ ወጣ፤ ወርዱ 100 ሜትር የሆነ አውራ ጎዳናም ተቀደደ። የድሮውን ከተማ መልሰን እንትከል አላሉም። ከፍርስራሹም ቦምቡ በፈነዳበት አጠገብ የነበረውን ጕልላቱ የተራቈተ ሕንፃ እንዳለ አቁመው፣ በቀረው ላይ አዲስ ከተማ ሠሩ። ጠባብ መንገድ እሳት ሲነሣ እንዴት እንደሚያስቸግር የማያውቅ የለም።

እርሱ ደግሞ ዋርሶን ይዞ መጣ። የፖላንድ ዋና ከተማ በ1944 ከተደረገው ዓመፅ በኋላ በጀርመኖች እጅ ሆን ተብሎ ቤት በቤት እየተቈጠረ ፈረሰ፤ ከአሮጌው ከተማ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ጠፋ። ፖላንዶች ግን ያንኑ ከተማ መልሰው ሠሩት። የረዳቸውም በርናርዶ ቤሎቶ የተባለው ኢጣሊያዊ ሠዓሊ በ18ኛው መቶ ዓመት መንገድ በመንገድ የሣላቸው ሥዕሎች ናቸው። ከዚያም በላይ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ከጦርነቱ በፊት ቤቶቹን እየለኩ ያነሷቸው ንድፎች ከጠላት ተሰውረው ተርፈው ነበር። በ1980 ዩኔስኮ ያን አዲስ የተሠራ አሮጌ ከተማ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። «ተማሪዎች!» አለኝ ጓደኛዬ፣ በጣቱ ደብተሩን እየመታ። «መሥመሪያና እርሳስ የያዙ እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች።»

ክርክሩ ለሳምንት ቆየ። በመጨረሻ በደብተር የማይገኝ ምክንያት ነገረኝ። ባለፈው ክረምት አያቱን ለመጠየቅ ወደ አገሩ ሄዶ ነበር። የሰፈራቸው ቤቶች ከፊሎቹ በጦርነቱ ተመትተዋል፤ የቀሩት ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ መንገድ ሲሰፋ ተነሥተዋል። መንገዱ ያማረ ነው፤ አስፋልት ነው፤ መብራት አለው። እርሱ ግን ያደገበት ቤት በር የት እንደ ነበረ ሊያገኘው አልቻለም። አያቱ በክራይ ከሚኖሩበት ክፍል ወጥተው እጁን ይዘው ወሰዱትና አንዱን የመንገድ ጠርዝ በምርኵዛቸው መታ መታ አድርገው «ምድጃው እዚህ ጋ ነበረ» አሉት። በዚያ ላይ አንድ ባጃጅ ቆሞ ነበር። ባለ ባጃጁ የሚሳፈሩ መስሎት «ወዴት ናችሁ?» አላቸው።

እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ሰፊ መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ፤ አስፋልቱንና መብራቱንም የሚጠላ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ከተማ ሲሠራ ቤቱ የነበረበትን ሰው ማን ጠየቀው የሚለው ነገር ከሂሮሺማም ከዋርሶም ይልቅ ከበደኝ። ስለዚህ በገጽ 34 ላይ አንድ ሕግ አወጣን። ከአሮጌው ከተማ የተረፉ ሁሉ መጀመሪያ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ ባላገር ደጁ በነበረበት ላይ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ መንገድ የሚቀደደው ድንጋዮቹ ከተቀመጡ በኋላ ነው። ድንጋይ የሚያስቀምጥለት የሌለው ቤት ብዙ ሆነ። ለእነዚያ ጓደኛዬ ራሱ በቀይ እስክሪብቶ አንድ አንድ ነጥብ አደረገላቸው፤ እኔም አንድም ቀን አልቈጠርኳቸውም።

የውኃው ነገር ከዚህ ይቀላል፤ ደስ ያለኝም ሥራ እርሱ ነበር። በበረሓ ላይ ውኃን በግልጽ ቦይ ማስኬድ ለፀሐይ ማጠጣት ነው። የፋርስ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ቀናት የሚሉትን ብልሃት ያውቃሉ። ከተራራው ሥር ውኃ እስኪገኝ ጕድጓድ ይቈፈራል፤ ከዚያ በጣም በትንሹ ወደ ታች ያዘነበለ ዋሻ ከመሬት በታች እስከ ከተማው ይወሰዳል፤ በመንገዱ ላይም አፈር ማውጫና አየር ማስገቢያ የሚሆኑ ጕድጓዶች በየርቀቱ ይቈፈራሉ። ውኃው ያለ ሞተር፣ በክብደቱ ብቻ፣ በጨለማ ውስጥ ይወርዳል። ጎናባድ በተባለው አገር ያለው ቀናት ርዝመቱ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የመጀመሪያው ጕድጓድ ከ300 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ማዘንበሉ ከበዛ ውኃው ዋሻውን ይሸረሽረዋል፤ ካነሰም ይቆማል። እኛ ለዓይነ ውኃ 12 ኪሎ ሜትር አወጣንላት፤ እርሱንም ለመሣል አራት ገጽ በማስቲሽ አገጣጠምን።

የነዋሪው ቍጥር 12 ሺህ ነው። በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል ብለው የእርዳታ ድርጅቶች በመመሪያቸው ወስነዋል፤ ለመጠጡም፣ ለምግቡም፣ ለመታጠቡም ማለት ነው። ይህ ለከተማችን በቀን 180 ሺህ ሊትር ይሆናል። በጠፈር ላይ ያለው ዓለም አቀፍ ጣቢያ ከሚገባበት ውኃ 98 በመቶውን፣ ሽንትና ላብ ሳይቀር፣ አጥርቶ መልሶ ለመጠጣት መብቃቱ በ2023 ተነግሯል። እኛም እንደዚያ ብንችል በየቀኑ የምናጣው 3 ሺህ 600 ሊትር ብቻ ይሆናል። ይህን ለክፍላችን ልጆች ስናስረዳ ስለ ሽንቱ ከመሣቅ በቀር ሌላውን የሰማ አልነበረም።

ቤቶቹን በየመን ባለችው በሺባም መልክ ከጭቃ ጡብ አደረግናቸው፤ በዚያ እስከ ሰባት ፎቅ የሚደርስ የጭቃ ቤት ብዙ ዘመን ቆሞ ይኖራል፤ ወፍራሙም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይከላከላል። የሚተነፈሰው አየር ግን አስቸግሮናል። ናሳ ወደ ማርስ በላካት ተሽከርካሪ ላይ የነበረው ሞክሲ የተባለው መሣሪያ ከማርስ አየር ኦክሲጅን ማውጣት መቻሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከ2021 እስከ 2023 ድረስ በ16 ጊዜ ሥራ ያወጣው በሙሉ 122 ግራም ነው። ይህ ለአንድ ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ቢበቃው ነው። ስለዚህ በዓይነ ውኃ አየሩ መልካም ነው ብለን ጽፈን አልፈናል። ደራሲ የሆነ ሰው አንዳንድ ነገር ይፈቀድለታል።

አሁን ወዳልጨረስነው ነገር እመጣለሁ። የሰላሙ ቃል ሲደርስ፣ ከከተማይቱ ውጭ በወደቀች አንዲት መርከብ ውስጥ ከወጊዎቹ ወታደሮች 312 ተርፈው ተገኙ። መመለሻ የላቸውም፤ ወደ ምድር 42 ዓመት ነው፤ መርከቧም ተሰብራለች። ውኃ ያለው በከተማይቱ ቧንቧ ብቻ ነው። ከተማይቱን ያቃጠሏት እነርሱ ናቸው፤ ሲያቃጥሏት ግን ሰላም መሆኑን አላወቁም። ይጠጡ ወይስ አይጠጡ?

እኔ ወዲያው «ይጠጡ» አልኩ። ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝና «ላንተ ቀላል ነው» አለኝ። ተሳድቦ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እርሱ ግን በዝግታ ነው የተናገረው። እኔ ያደግሁበት ቤት አለ፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ቀን ያህል ደብተሩን አልከፈትነውም።

በመጨረሻ አያቱን በስልክ ጠየቃቸው። ስለ ፕሮክሲማ ምን ብሎ እንዳስረዳቸው አላውቅም። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለ ነበረ መልሳቸውን እኔም ሰማሁ። «ስንት ናቸው?» አሉ። ነገራቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች ደጃቸው መጥተው ውኃ እንደ ለመኗቸው፣ ከጕድጓዱ ቀድተው እንደ ሰጧቸው ነገሩን። ከየትኛው ወገን እንደ ነበሩ ጓደኛዬ ሲጠይቃቸው «የጠማቸው ናቸው። ሁሉም ልጅ ናቸው፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ» አሉ። ከዚያም ድምፃቸው ተለወጠና «ግን ባልዲዬን ይዘው ሄዱ! ያን የመሰለ ባልዲ! እስከ ዛሬ እርሱን የመሰለ አላገኘሁም። ልጄ፣ ውኃውን ስጣቸው፤ ዕቃ ግን አታውሳቸው» ብለው ስለ ባልዲው ብዙ ተናገሩ።

ጓደኛዬ በማግሥቱ ሕጉን ጻፈው። 312ቱ ወታደሮች ከ12 ሺሁ ነዋሪ ጋር እኩል በቀን 15 ሊትር ያገኛሉ፤ በየቀኑ 4 ሺህ 680 ሊትር ተጨማሪ መሆኑን ሒሳቡን የሠራው እርሱ ነው። ነገር ግን ዕቃ አይሰጣቸውም። በከተማይቱ በር ላይ ባለው ቧንቧ ተሰልፈው፣ ሕዝቡ እያያቸው፣ በእጃቸው ጠልፈው ይጠጣሉ፤ በዚያው ይታጠባሉ፤ ይመለሳሉ።

እኔ በዚህ አልተስማማሁም። በመርከቧ ውስጥ ቍስለኞች አሉ፤ መርከቧም ከበሩ 9 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ያለ ጀሪካን ለቍስለኛ ውኃ የሚወስድለት የለም። እርሱ ደግሞ «ቍስለኞቹን ተሸክመው ያምጧቸው። እኛ አያቴን በቃሬዛ ነው ወደ ሐኪም የወሰድናት፤ ቅርብ አልነበረም» ይላል። ይህ እንዴት እንደሚመለስ አላውቅም፤ ነገር ግን ቍስለኛ የሆነ ሰው 9 ኪሎ ሜትር በበረሓ ተሸክመውት ሲሄዱ እንደሚሞት አውቃለሁ፤ እርሱም ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ገጽ 62 ላይ ቆሟል። እርሱ በሩንና ቧንቧውን በእስክሪብቶ ሥሎታል። እኔ ከቧንቧው አጠገብ በእርሳስ አንድ ጀሪካን እሥላለሁ፤ እርሱ ያጠፋዋል። እስከ አሁን አራት ጊዜ ሆኗል፤ ወረቀቱም መሣሣት ጀምሯል። ከክፍል ጓደኞቻችን፣ ከመምህራኖቻችን ወይም ከወላጆች መካከል ሐሳብ ያለው ቢኖር በ11ኛ ክፍል በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ያገኘናል። እርሳስ ይዞ ቢመጣ ደስ ይለናል፤ ላጲስ ግን በበቂ አለን።